የእነዋሪ ውሀና የጎረቤት ድንበር

በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው እነዋሪ ያለችው በጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት በገባ ጊዜ ግን ውሀ አቍሮ ዘሩን ያፍናል። ስለዚህም የአገሩ ሰው፥ ሴቱም ልጁም ሳይቀር፥ አፈሩን በእጁ እያነሣ ሰፊ መደብና ቦይ ሲያበጅ ኖሯል።

ነገር ግን ከአንዱ ማሳ የወጣ ውሀ በሌላው ላይ መውረዱ አይቀርም። ቦዩ እስከ ገደሉ አፍ ካልተያያዘ የላይኛው ያተረፈውን የታችኛው ይከፍላል፤ ለማያያዝም ከአንድ ሰው ይዞታ ላይ ጥቂት መሬት መቍረጥ ግድ ነው። ነገሩ እንግዲህ የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የዳኛም ሥራ ሆነ። በክልሉ የመሬት ሕግ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ከራሱ ከሕዝቡ ይመረጣል። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ተመራጩ የሚቈርጥበት ሰው ጎረቤቱ፥ አበ ልጁ፥ የጽዋ ማኅበርተኛው ነውና እጁ ይከብዳል። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተደረገውን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ገበሬም መለኪያ ገመድ ይዞ የመጣውን ሁሉ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ ከዚህ ይቀላል። ችግኙ በአንድ ቀን ይተከላል፥ ቍጥሩም ለበላይ ይጻፋል። ተከላው የሚነቀፍ አይደለም፤ ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ፍግ ኩበት ሆኖ የሚነድበት አገር እንጨት ያሻዋልና። ዳሩ ግን ችግኙ እንዲጸድቅ ከብቱ የሚሰማራበትን ሜዳ መዝጋት ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ የቦዩ ክርክር ተመልሶ ይመጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደ ቆመ የሚጠይቅ ደብዳቤም ስንት ተተከለ ከሚለው ይልቅ ብርቅ ነው።

ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ባሕር ዛፍ ውሀ ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀል ታዝዞ ነበር፤ ባለ ዛፉ ግን ጥቅሙን አልተወምና ትእዛዙ በሚገባ ሳይፈጸም ቀረ።

በእነዋሪ የሚሻለው ክረምት ሳይገባ ሽማግሌዎችና የደብር አለቆች ባሉበት የቦዩ መንገድ ተለክቶ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ነው። ውሀው ከከተማው አጥር በደረሰ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ በዚያው ውል ይቀበለዋል። መሬቱ ለተቈረጠበት ሰው ካሣ የሚያዋጡትም የላይኞቹ ባለ ማሳዎች ሊሆኑ ይገባል፤ ውሀው ስለ ሄደላቸው ቀድመው የሚዘሩ እነርሱ ናቸውና።