በፈቃድ የሚሰጥ ዓመት

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት አባቶቻችን የውሻን ባሕርይ የመዘኑበት ሚዛን ነውና፣ አንድ ቤተ ሰብ ቡችላ ተቀብሎ፣ ዓመት ሙሉ አብልቶና አጥቦ፣ ገሥጾና አለማምዶ ካሳደገው በኋላ፣ የማያውቀውን ዓይነ ስውር መንገድ ይመራ ዘንድ ያለ ዋጋ አሳልፎ ይሰጠዋል ቢባል፣ በአዲስ አበባ በአብነት አደባባይ ዙሪያ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ነገሩን ወይ እንደ ጨዋታ ወይ እንደ ፈረንጅ ቅብጠት መቍጠሩ አይቀርም። እኔ ግን የውሻውን ጉዳይ ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ የቤተ ሰቡ ሥራ ለሰፈራችን የሚበጅ ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ።

የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት በሥርዓት የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ የዓይናቸውን ብርሃን በጦር ሜዳ ያጡ ወታደሮች በበዙበት በጀርመን አገር ሲሆን፣ ዶክተር ጌርሃርድ ሽታሊንግ የመጀመሪያውን በኦልደንቡርግ ከተማ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ከዚያም በስዊስ አገር ትኖር የነበረች ዶሮቲ ዩስቲስ የተባለች አሜሪካዊት በፖትስዳም የሚሠራውን አይታ በ1927 በአገሯ መጽሔት ላይ ብትጽፍ፣ ሞሪስ ፍራንክ የተባለ የናሽቪል ከተማ ዓይነ ስውር ወጣት ጽሑፉ ሲነበብለት ሰምቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ከእርሷ ዘንድ ከሠለጠነ በኋላ፣ በ1928 ቡዲ ከተባለችው ውሻው ጋር ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሚቀጥለውም ዓመት «ሲይንግ አይ» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። በእኛው አህጉርም ግላዲስ ኢቫንስ የተባለች ሴት በ1953 በደቡብ አፍሪካ ተመሳሳይ ማኅበር አቋቁማለች።

የሥራው ምሥጢር ግን በትምህርት ቤቱ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በአጥር ውስጥ ብቻ ያደገ ውሻ፣ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ የገበያ ጫጫታ፣ የደረጃ አወጣጥ፣ የአውቶቡስ መንቀጥቀጥ ሲያጋጥመው ስለሚደነግጥ፣ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1942፣ እንግሊዞቹም ከ1956 ጀምሮ ቡችሎቹን በበጎ ፈቃደኞች ቤት ማሳደግን ሥርዓት አደረጉት። ቡችላው በሰባት ወይም በስምንት ሳምንቱ ከእናቱ ተለይቶ ወደ ቤተ ሰቡ ይገባና፣ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል እስኪሞላው ድረስ ከዚያው ይቆያል። አሳዳጊዎቹ ሌሊት ተነሥተው ወደ ደጅ ያወጡታል፤ በትእዛዝ መጸዳዳትን፣ በእንግዳ ላይ አለመዝለልን፣ ወደ ገበታ አለማንጋጠጥን፣ በባቡር ሲሳፈሩ ከመቀመጫው ሥር ተጠቅልሎ ዝም ማለትን፣ ጃንጥላ በድንገት ሲከፈት አለመበርገግን ያስተምሩታል። መሬት ላይ የወደቀ ቍራጭ ሥጋ አይቶ እንዲያልፍም ያለማምዱታል። (በአብነት ሥጋ ቤቶች ደጃፍ ይህን ፈተና የሚያልፍ ውሻ ቢገኝ ለብሕትውና የታጨ ነው እላለሁ።)

ጊዜው ሲደርስ ያ ሁሉ ልፋት ይሰጣል። ውሻው ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ፣ ጠንካራ እጀታ ያለው የደረት ማሰሪያ ለብሶ ወራት ይማራል፤ ለጠባዩና ለእርምጃው ከሚስማማው ዓይነ ስውር ጋርም ይጣመራል። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ውሻው የመብራቱን ቀለም አይቶ መንገድ የሚያሻግር አይደለም፤ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ «እንሂድ» የሚለው ሰውየው ነው፤ ነገር ግን በትእዛዙ መካከል ያልተሰማ መኪና ቢመጣ፣ ውሻው ባለበት ቆሞ እምቢ ይላል። መታዘዝን በለመደ ፍጥረት ልብ ውስጥ ስለ ፍቅር የሚደረግ አለመታዘዝን መትከል፣ ከእኛ መካከል ልጅ ያሳደግነው እንኳ ስንቶቻችን ይቻለን ይሆን! ሁሉም ውሾች ለዚህ አይበቁም፤ ያልበቃው ለሌላ ሥራ ወይም ለቤት ይቀራል፤ አሳዳጊው ግን ቡችላውን የተቀበለው ይህንንም አውቆ ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ «ሲይንግ አይ» ከዓይነ ስውሩ የሚቀበለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሳይጨመር፣ ለመጀመሪያው ውሻ 150 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ወጪ በምጽዋት ይሸፈናል።

በእኛ ዘንድ ውሻ የተቀመጠበት ስፍራ ሌላ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነ የቆሎ ተማሪ፣ ኋላ ሊቅ ቢሆንም ቅኔውንና የውሻውን ንክሻ አብሮ ያስታውሳል፤ በአዲስ አበባም የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ የሚነገረው «ቶሎ ፓስተር ሂድ» የሚለው ነው። «ክድ!» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ያላሰማ አፍ በሰፈራችን አይገኝም። ይህም ሆኖ በመጽሐፈ ጦቢት፣ ዓይኑ የታወረው ሽማግሌ ልጁን ጦብያን ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲሰደው ውሻ አብሮ መሄዱ ተጽፏል፤ ጳጉሜን 3 ቀን በዝናቡ የሚጠመቁት ሕፃናት የዓሣውን ሐሞት እንጂ ውሻውን የሚያስታውሱ አይመስለኝም። የአልዓዛርንም ቍስል ባለጸጋው ሲጸየፈው የላሱለት ውሾች ነበሩ።

ይሁንና እኔ መሪ ውሻ በነገው ዕለት ወደ አብነት ይምጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። መሪ ውሻ የሚሠራው መንገዱ ራሱ መንገድ በሆነበት ስፍራ ነው። ከአብነት ባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ ልደታ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ የተዘረጋ ጉሊት፣ ሊስትሮዎች ከነወንበራቸው፣ ግማሽ ጎኑን ጠርዙ ላይ ያወጣ ሚኒባስ እያለፈ መሆኑን ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል፤ በዚህ ላይ ያልተከተቡ የሰፈር ውሾች በቡድን ቢገጥሙት፣ የተማረው ውሻ ጌታውን ይምራ ወይስ ራሱን ያድን? ወያላውስ ያሳፍረዋልን? የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ጉድጓዱ ግን አዋጁን አላነበበም። ስለዚህ መሪ ውሻ ሊመጣ የሚችለው መንገዱ ከተጠገነና የከተማው ውሾች ከተከተቡ በኋላ ነው።

መሪ ውሻ የለንም ማለት ግን መሪ የለንም ማለት አይደለም። መሪ አለ፤ እርሱም ሕፃን ነው። ወር በባተ በመጀመሪያው ቀን፣ የልደታን ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ከሚመጡት ምእመናን ጋር በአጥሩ ሥር የሚሰለፉትን ነዳያን ቀርቦ የተመለከተ፣ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ያያል፤ የሽማግሌው እጅ ዘወትር ከልጁ ቀኝ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ፣ የሸሚዙ ጨርቅ በዚያ በኩል ብቻ ነትቦና ሳስቶ ቆዳው ይታያል። በዚያው ሰዓት እኩዮቹ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው በአጠገቡ ያልፋሉ። ልጁ አያቱን የሚመራ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሃይማኖትም በባህልም የሚመሰገን ምግባር ነው። ቢሆንም ቡችላን ለዚሁ ሥራ ሲያጩት ዓመት ሙሉ አሳዳጊ፣ ሐኪምና መምህር ያቆሙለታል፤ ለሥራው ካልበቃም በክብር ይሰናበታል። ልጁን ግን የጠየቀው የለም፤ ያዘጋጀው የለም፤ የሚያሰናብተውም የለም። በሌላ አገር ፈቃደኛ ጎልማሳ የሚሰጠውን ዓመት እኛ ከሕፃን ላይ፣ ያለ ፈቃዱ፣ እየወሰድን ነው፤ ያውም ከአንድ ዓመት በላይ።

በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን ሲያሳይ፣ ከእነዚህ ግማሽ ለሚሆኑት ምክንያቱ የዓይን ሞራ፣ ከመቶ 11.5 ለሚሆኑት ደግሞ ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳ መሆኑን ገልጿል። የዓይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነውና፣ በየደጀ ሰላሙ ከምናያቸው መሪ ሕፃናት ብዙዎቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰው በመጀመሪያ የዓይን ሐኪም ነው። ሕክምና ለማይመልሳቸው ግን መሪ ያስፈልጋል፤ የእኔም ሐሳብ በዚህ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነቡ በጎ ፈቃደኞች መኖራቸው የቆየ ልማድ ነው፤ እንግዲህ ዓይንን ማዋስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በየክረምቱ የሚደረገውንም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አልንቀውም፤ የአረጋውያን ቤት ይጠገናል፤ ችግኝም ይተከላል። ግን አንድ ዓይነት ካኔተራ ለብሶ፣ ከሰንደቅ ሥር ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ መስከረም ሲጠባ የሚበተን ትሩፋት፣ ተመልካች በሌለበት በየሌሊቱ ቡችላ ወደ ደጅ ከሚያወጣው ሰው ትሩፋት ጋር የሚተካከል አይደለም፤ ዓይነ ስውሩ በጥቅምትም በየካቲትም ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም፣ ወደ ቅዳሴ ይሄዳልና። ለሞታችን ተግቶ የሚዘጋጀው እድራችን ዳሱን፣ ወንበሩንና ድስቱን ቈጥሮ እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚሰጡ ጎልማሶችንና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስም በመዝገብ ይያዝ፤ ከሰፈሩ ዓይነ ስውራን ጋር ያጣምራቸው፤ የቀረ ሰው ለቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣ። «ለሰው ያልበቃነውን ስለ ውሻ ምን ያስወራናል» የሚሉኝ ወዳጆቼም በዚህ ሥራ የሚመገብ ውሻ እንደሌለ ያስተውሉ፤ የሚጠየቀው ሰዓት ብቻ ነው።

አመራሩ ግን መማርን ይፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ዓይነ ስውርን የምንረዳ መስሎን እጁን ጨብጠን እንጎትተዋለን፣ ወይም በትሩን ይዘን እንስበዋለን፣ ወይም ከኋላ ሆነን እንገፋዋለን። ይልቅስ በመጀመሪያ «ልምራዎ?» ብሎ መጠየቅ፣ ፈቃዱን ሲሰጡ ክንድን ማቅረብና እርሳቸው ከክርን በላይ እንዲይዙ መተው፣ ግማሽ እርምጃ ቀድሞ መሄድ፣ ደረጃ ሲደርስ ቆም ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን መናገር፣ ጠባብ ስፍራ ሲሆን ክንድን ወደ ኋላ መልሶ እንዲከተሉ ማድረግ፣ ሲለያዩም ደኅና ይሁኑ ሳይሉ ዝም ብሎ አለመሄድ ይገባል። ይህን ለማስተማር የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አባላት ከማንም ይበልጥ የበቁ ናቸውና፣ የእድሩ ዳኛ አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ጠርተው በዚያው በእድሩ ድንኳን ሥር ትምህርቱን ሊያሰጡ ይችላሉ።