የክረምት ውኃና የጎረቤት ደጅ

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ውኃም በተፈጥሮው ቍልቍል ወራጅ ነውና፣ ከላይ ካለው ቤት የወረደውን ከታች ያለው መቀበሉ አይቀርም። ነገር ግን ራሱ የወረደ ውኃና የሰው እጅ የመራው ውኃ አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ሳያስተውል የኖረ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ እርሱም እኔ ነኝ።

በአንድ ሐምሌ ከመሠረቴ ውኃ ለማራቅ ብዬ በጓሮዬ ቦይ ቈፈርሁ፤ አፉንም በአጥሩ ሥር አወጣሁት። ቤቴ ደረቀልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ውኃው ከታች የሚኖሩትን የአንዲት እማሆይ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ አራሰው። በፍልሰታ ጾም ከኪዳን ስንወጣ እማሆይ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኙኝና፣ «መምህር፣ እርስዎ ይጾማሉ፤ ውኃዎ ግን ቤቴን እየበላው ነው» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ገበሬዎቻችን ይህን ነገር ያውቁታል። ከእርሻቸው ውኃ ለማስወጣት በማረሻ ፈሰስ ያወጣሉ፤ የፈሰሱ አፍ ወደ ሰው ማሳ ከዞረ ግን አፈር ይጠርጋል፣ ቦረቦርም ይከፍታል፣ ጠብም ያስነሣል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ ለወደቀበት በሬ ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል።

ስለዚህ የቤት አባወራና እመቤት የሚከተለውን ይጠብቁ።

አንደኛ፤ የጣራውን ውኃ በአሸንዳ ተቀብላችሁ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ምሩት። ሌላ መውጫ ከሌለ አስቀድማችሁ ከጎረቤት ጋር ተማከሩ፤ ቀበሌውንም ጠይቁ።

ሁለተኛ፤ ቦዩን ክረምት ሳይገባ በግንቦት ጥረጉ፤ ጥራጊ የደፈነው ቦይ ውኃውን ወደ ሰው ቤት ይመልሳልና።

ሦስተኛ፤ ዋልካ መሬት ከራሰ በኋላ ውኃ አይመጥም፤ በእንደዚህ ያለ ስፍራ በማስረጊያ ጕድጓድ አትታመኑ።

አራተኛ፤ የመጸዳጃና የእድፍ ውኃ ከዝናብ ውኃ ጋር ከቶ አይቀላቀል። በጥምቀት የምንባረክበት የፋሲለደስ መጠመቂያ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ ነው። ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደጃችን የደፋነው እድፍ በዚያ አይቀርም።

እኔም ከልጆቼ ጋር ያን ቦይ ደፍኜ ወደ መንገዱ አዞርሁት፤ የእማሆይንም ግድግዳ በጭድና በጭቃ መረግን። እማሆይ ይቅር አሉኝ። ለቅዱስ ቍርባን የሚዘጋጅ ቤተ ሰብ የደጁ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ ይመልከት።