«ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል» ላሉት አባት

ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ የመጣው ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም፤ እኔም አደራዋን ጠብቄያለሁ።

አባቷ በጨንቻ በኩል ሸማ ሲሠሩ የኖሩ፣ ከጋያም ያልተለዩ ሰው ናቸው። ሳል ያዛቸው። ቲቢ ነው ተብሎ ስድስት ወር መድኃኒት ቢወስዱም ሳሉ ይባስ ብሎ ደም ቀላቀለ። ራጅ ሲነሱ እብጠት መሳይ ነገር ታየ፤ ሐኪሙም «በመርፌ ናሙና ይወሰድ» አለ። አባት ግን «ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል፤ እንዳታስነኩኝ!» ብለው እምቢ አሉ። በዚህ መሃል ውጭ አገር ያለው ወንድሟ «የካንሰርን ሴል ከደም የሚይዝ ምርመራ አለ፤ ደሙን ላኩልኝ» አላት። «በሬውን ሸጠን ደሙን እንላክ ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ያነበብኩትን ግን ላካፍልሽ።

ወንድምሽ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ1869 አሽዎርዝ የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም በካንሰር በሞተ ሰው ደም ውስጥ እብጠቱ ላይ ያሉትን የመሰሉ ሴሎች በማይክሮስኮፕ አየ። ዛሬ እነዚህን ሴሎች ከ7.5 ሚሊ ሊትር ደም በማግኔት የሚለቅም «ሴልሰርች» የሚባል መሣሪያ አለ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የፈቀዱት ግን ለተዛመተ የጡት ካንሰር ነበር፤ ኋላ የአንጀትና የፕሮስቴት ተጨመሩ። ሳንባ የለበትም። የተፈቀደውም ካንሰር መሆኑ የታወቀለትን ሰው ለመከታተል እንጂ «አለብህ፣ የለብህም» ለማለት አይደለም። ደሙም በልዩ ብልቃጥ ተቀድቶ በ96 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት።

«ወባን በአንድ ጠብታ ደም የሚያዩ ካንሰርን ለምን ያቅታቸዋል?» ትይ ይሆናል። አርባ ምንጭ ኖሮ ለወባ ጣቱን ያልተወጋ ማን አለ! የወባ ተውሳክ ቤቱ ቀይ የደም ሴል ነው፤ እዚያው ይራባል። የካንሰር ሴል ግን በደም ውስጥ መንገደኛ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጉ ቀይ ሴሎች አሉ፤ ከዚያ ሁሉ መሃል የካንሰሩ ቢገኝ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይገኝም። ማግኔቱ የሚይዘውም ሴሉ ላይ ባለ ምልክት ነው፤ ምልክቱን የጣለ ሴል ያመልጣል። ስለዚህ «አልተገኘም» ቢሏችሁ «ካንሰር የለም» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አባባ ፍርሃት ልምጣ። ወንድምሽ የነገረሽ ምርመራ ራሱ መልሱን ይዟል፦ የካንሰር ሴል ወደ ደም ለመግባት ብረት እስኪነካው አይጠብቅም። መርፌ በገባበት መንገድ መዛመት የሚያጋጥመው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። «ብረት ነክቶት ሞተ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው በሽታው ከተዛመተ በኋላ ስለሆነ ነው። አጎቴ ይህንኑ ብሎ ቤቱ ሲተኛ እኔም ከቤተሰቡ ጋር ዝም ብያለሁ። ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቋንቋችንም ያምታታል። «ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ደግሞ ቲቢ! ሁለቱም ያስላሉ፣ ደም ያስተፋሉ፣ ያከሳሉ። መድኃኒቱን በወጉ ጨርሶ ያልተሻለው ሰው አክታው እንደገና መታየት፣ ሲቲ ስካን መነሳት አለበት። ካንሰር ነው፣ ምን ዓይነት ነው፣ የትኛው መድኃኒት ይሆነዋል የሚለውን የሚለየው ናሙናው ነው።

እና እህቴ፣ በሬው የግድ ከተሸጠ ለዚህ ይሸጥ። ጥቁር አንበሳ ከላኳችሁም 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነውና ለትራንስፖርቱና ለማረፊያው ያስፈልጋችኋል። ለአባባም እንዲህ በያቸው፦ «ሸማኔ ድሩ የት እንደተበጠሰ ሳያይ አይቀጥልም፤ ሐኪሙም ይየው።»

ለአባባ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ሳምንት ያገናኘን!