ድረ ገጽ አልከፍት ሲል "ዘጉት" ከማለታችን በፊት

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን አስታውሱት። ተማሪው ቁጥሩን ያስገባል፣ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች... መጨረሻ ላይ "ታይም አውት"! ወዲያው "ሆን ብለው ዘጉት"፣ "ሀክ ተደረገ" የሚል ፖስት ይጥለቀለቃል። ኢንተርኔት ተደጋግሞ የተዘጋበት ሕዝብ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግን ነገሩን እንለየው።

ታይም አውት ማለት ጥያቄያችን ሄዶ መልሱ በጊዜው አልመጣም ማለት ነው። ለምን እንደቀረ አይነግረንም። በብዛት ከሦስቱ አንዱ ነው፦

1. ሰርቨሩ ተጨናንቋል። ሰርቨር በአንዴ የሚያስተናግደው ሰው ልክ አለው። በየሰከንዱ ሪፍሬሽ ማድረግ ሰልፉን ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። "504" ከመጣላችሁ የፊተኛው ሰርቨር አለ፤ የዘገየው ከጀርባው ያለው ነው።

2. የታገዳችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ይሄ በኪራይ ሰርቨር ላይ የተለመደ ነው። አንድ ሠራተኛ የኢሜይል ፓስወርድ ደጋግሞ ከሳተ ፋየርዎሉ የቢሮውን አይፒ አድራሻ ለጊዜው ሊያግድ ይችላል። በዚያ ዋይፋይ ያለ ሁሉ አብሮ ይታገዳል። በዋይፋይ እምቢ ብሎ በስልክ ዳታ ከከፈተ ይህንን ጠርጥሩ። ሰርቨሩን ላከራያችሁ ድርጅት አይፒያችሁንና ችግሩ የተፈጠረበትን ሰዓት ላኩለት።

3. መንገዱ ተበላሽቷል። ሰርቨሩ ውጭ ሀገር ከሆነ ጥያቄያችን ባሕር ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ ማይክሮሶፍት ሳይቀር የአዡር ደንበኞቹን መዘግየት እንደሚኖር አስጠንቅቆ ነበር። በዳታም በዋይፋይም እምቢ ያለ ገጽ በቪፒኤን ከከፈተ ሰርቨሩ ይሠራል ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው፣ አለዚያም እገዳ አለ።

ይህ ማለት ግን ተቋማት ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። ስንት ተማሪ እንደተፈተነ ያውቃሉ፣ ውጤት የሚለቁበትን ሰዓት የሚወስኑትም ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ መጨናነቁ ድንገተኛ ሊባል አይችልም። በኤስኤምኤስና በቴሌግራም ቦት ማሳየቱ ጫናውን ይከፋፍላል፤ ጥሩ ነው። የሚቀረው ችግር ሲፈጠር በግልጽ መናገር ነው፦ ምን ተበላሸ? መቼ ይስተካከላል? ሁለት መስመር ይበቃል።

ዓመት ሙሉ የለፋ ልጅ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሲያድር ዝም ካሉት፣ ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው።