ከከተራ ጋር የሚጀመረው የጸሎት ሳምንት

ምእመናን ጥር 10 ቀን ታቦታቱን አጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት ዕለት፣ በሌላው ዓለም ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የሚጸለይበት ሳምንት ይጀመራል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 18 እስከ 25 የሚዘልቀው ይህ ሳምንት፣ በአራት ዓመት አንዴ በአንድ ቀን ከመዛነፉ በቀር፣ ዘወትር ከከተራችን ጋር ይገጥማል። ታስቦበት የተደረገ አይመስለንም።

ሳምንቱን ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያስያዙት በ1881 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የተወለዱት ካቶሊካዊው ካህን ፖል ኩቱርዬ ናቸው። የሳይንስ መምህር ነበሩ። በ1920ዎቹ ከአብዮቱ ሸሽተው ሊዮን የገቡትን ሩስያውያን ስደተኞች ለመርዳት ሲሰለፉ፣ የተቸገረን ሊያጽናኑ ሄደው የኦርቶዶክሳውያንን የጸሎት ሕይወት በቅርብ ተመለከቱ።

ከእርሳቸው በፊት፣ ከ1908 ጀምሮ፣ በዚያው ሰሞን የሚደረገው ጸሎት ክርስቲያኖች ሁሉ ወደ ሮም እንዲመለሱ የሚለምን ነበር። ይህ ልመና ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ የፈሰሰውን ደም ታሪካችን አልረሳውም። ኩቱርዬም ኦርቶዶክሳዊ እንዲህ ያለውን ጸሎት በንጹሕ ኅሊና አሜን ሊለው እንደማይችል ተረዱ። ስለዚህ በ1930ዎቹ አጋማሽ ልመናውን ለወጡት፤ ሁሉም በየቤተ ክርስቲያኑ ሆኖ፣ ክርስቶስ በሚፈቅደው መንገድ፣ እርሱ የሚፈቅደው አንድነት እንዲመጣ ይለምን አሉ። በእኛ ግምት የካህኑ ትልቅነት ከዚህች የቃል ለውጥ ላይ ነው። ማንም ሃይማኖቱን እንዲሸሽግ አልጠየቁምና።

በ1937 የካቶሊክ ካህናትንና የፕሮቴስታንት ፓስተሮችን አገናኝተው ጉባኤ ጀመሩ። በ1944 ጌስታፖ በሊዮን በሞንሉክ ወኅኒ አሰራቸው። በ1953 ዐረፉ።

ጉዳዩ ዛሬም ሕያው ነው። ቫቲካን ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ቡራኬ በዲሴምበር 2023 ሰነድ ካወጣች በኋላ፣ የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ በማርች 2024 ከካቶሊክ ጋር የሚያደርገውን የነገረ መለኮት ውይይት አቁሟል። በ1973 ፓትርያርክ ሺኖዳ ሣልሳዊና ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛ የጋራ መግለጫ የፈረሙበትን ዘመን ለሚያስታውስ ነገሩ ያሳዝናል፤ ሆኖም ሲኖዶሱ ልዩነቱን በግልጽ መናገሩ ከኩቱርዬ ሐሳብ ጋር የሚጣረስ ሆኖ አላገኘነውም። ውይይት ሲቋረጥ ጸሎት አብሮ እንዲቋረጥ አላሰቡምና። የ2026ቱን ሳምንት የጸሎት ጽሑፍ ያሰናዳችውም ከእኛው ጋር በእምነት አንድ የሆነችው እኅት ቤተ ክርስቲያን፣ የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ናት።