ፈረንሳይኛ በእንግሊዝኛ በኩል ለምን?

ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ጊንጪ ወይም አምቦ የሚኖር ወጣት ፈረንሳይኛ ልማር ቢል፣ ለረጅም ዘመን የነበረው ምርጫ አዲስ አበባ መግባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው የፒያሳው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ከአምቦ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የትምህርቱ ክፍያ ላይ የትራንስፖርቱ፣ የቤት ኪራዩና የምግቡ ሲደመር በጭልሞ ደን ዙሪያ ለሚያርስ ቤተሰብ ልጅ የሚታሰብ አይደለም።

ፈረንሳይኛ ለአምቦ ልጅ ምን ይሠራለታል የሚል አይጠፋም። ብዙ ይሠራለታል። አዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረት አንዱ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ዕቃችን የሚራገፍባት ጅቡቲም የምትሠራበት ቋንቋ ነው። ደግሞም እንግዳችን አይደለም። ጣሊያን እስኪወረን ድረስ በቤተ መንግሥትና በዘመናዊ ትምህርት ቤት ቀዳሚው የውጭ ቋንቋ እሱ ነበር። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአሜሪካ ሕግን በተልእኮ ተምሮ፣ ትያትር ለማጥናት ሎንዶንና ፓሪስ ደርሶ፣ የፈረንሳዊውን ደራሲ የሞሊየርን ተውኔቶች በአማርኛ መድረክ ላይ አቁሞልናል።

ዛሬ በእጅ ስልክ ብቻ መጀመር ይቻላል። ቴቬ ሳንክ ሞንድ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለጀማሪ በደረጃ የተከፋፈሉ መልመጃዎችን በነፃ ያቀርባል። የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያሰማው የአሥር ደቂቃ ዜና ከነጽሑፉ ይገኛል፤ እሱ ግን ትንሽ ለተራመደ ተማሪ እንጂ ለጀማሪ አይሆንም። ለጀማሪ እኔ የማስቀድመው በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውን «ፍራንሴ አንተራክቲፍ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። አሥራ ሦስት ምዕራፎች፣ የሚሰሙ ቃላት፣ ሊዮን ከተማ ሄደው የተማሩ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሚታዩባቸው ቪዲዮዎች አሉት።

ይህን መጽሐፍ ያስቀደምኩት ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ክፍት ነው። ነፃ የሆነ ነገር ዳታ ላለው ሰው ይታያል፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይዘጋዋል። ክፍት የሆነውን ግን አንዴ አውርዶ በፍላሽ ማዳረስ፣ ማተም፣ መለወጥ፣ መተርጎምም በሕግ የተፈቀደ ነው። በዋናነት የሚጠየቀው የአዘጋጆቹን ስም መጥቀስ ነው። ዳታ ውድ በሆነበት፣ ኔትወርክም በሚቆራረጥበት አገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ያልተጠቀምንበት ግን የመተርጎሙ ፈቃድ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሆነ የሚያብራራው እሱን የሚያስቸግረውን ነው። «ቱ» እና «ቩ» የሚባሉትን መለየት ለቴክሳስ ተማሪ አዲስ ትምህርት ነው፤ በአማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ»፣ በአፋን ኦሮሞ «አቲ» እና «ኢሲን» እያለ ላደገ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ግዑዝን ነገር በሴት ጾታ መጥራትም አይገርመንም፤ ጨረቃ ወጣች፣ ፀሐይ ወጣች እንላለን። ፈረንሳዮች ጨረቃን ሴት፣ ፀሐይን ወንድ እንደሚያደርጉ ብቻ ልጁን ማስጠንቀቅ ነው።

የእኛ ልጅ የሚደናቀፍበትን ደግሞ መጽሐፉ አያውቀውም። የምዕራብ ሸዋ ተማሪ የላቲን ፊደልን መጀመሪያ የቆጠረው አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤ ነው። «ሲ» የተባለችው ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት፤ በፈረንሳይኛ አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» ትሆናለች። «ሲ» እና «ኤች» ተጣምረው በቁቤ «ች» ሲሆኑ በፈረንሳይኛ «ሽ» ይሆናሉ። በቁቤም በግዕዝ ፊደልም የተጻፈው በአብዛኛው ይነበባል፤ በፈረንሳይኛ የቃሉ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ይዋጣል። ፈረንሳይኛው «ዩ» የሚሰማው ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ «ኢ» ሲሉ ነው። ይህን የሚጽፍልን ቴክሳስ ያለ መምህር ሊሆን አይችልም። ከመካከላችን ያለ፣ ቁቤውንም ፈረንሳይኛውንም የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማብራሪያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጁ፤ ፈረንሳይኛውን በሚያውቅ ሰው አሳርሙት። ድምፁን ከነጽሑፉ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች ላይ ጫኑት። ተማሪዎቹ የከበዳቸውን ይንገሯችሁ፤ በዚያ አስተካክላችሁ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ እለፉ። ፈቃዱ ከተሰጠ ቆይቷል፤ ጀምሩት።