ፓስወርዱን የያዘ ሰው ብቻውን አይወስን!

በዚህ እትም አስተያየቴን የምሰጠው ስለ ቤት ዋይፋይ ነው። ጥያቄዬም «ዋይፋዩን ማን ይቆጣጠረው? እንዴትስ ይቆጣጠረው?» የሚል ነው።

መጀመሪያ ዋይፋይ ለምን እንደሚንቀራፈፍ እንይ። ቤት የሚገባው መስመር ፍጥነቱ የተወሰነ ነው። ለምሳሌ 10 ሜጋቢት በሰከንድ (በተለምዶ 10 ሜጋ የምንለው) ከሆነ፣ ያቺ 10 ለቤተሰቡ ሁሉ ናት። ልክ እንደ ግቢ ውሃ ማለት ነው። ታች ያለው ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ላይ ያለው ጠብ ጠብ ይላል። ዩቲዩብ ላይ በ1080 ጥራት ቪዲዮ ለማየት ወደ 5 ሜጋ ያስፈልጋል፤ በ480 ጥራት ግን ወደ 1 ሜጋ ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ሰው በ1080 ካየ መስመሩ አለቀ። ጌም ማውረድ ደግሞ ይብሳል። በሒሳብ እንሥራው፦ 30 ጊጋባይት ማለት 240,000 ሜጋቢት ነው። ለ10 ሲካፈል 24,000 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ማለት መስመሩን ብቻውን ቢይዘው እንኳ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በብዙ ቤት የሚከፍለው ወላጅ ነው፣ የሚያዘው ግን ፓስወርዱን የያዘው ሰው ነው። እኛ ቤት ታላቅ ወንድሜ ነው። የሁላችንንም ስልክ ፍጥነት ቀንሶ የራሱን ኮምፒዩተር ግን ክፍት ትቶታል። አክስቴ ዓረብ አገር ናት፤ ስልክ የሚፈቀድላት እሁድ ማታ ብቻ ነው። እሱ ጌም ሲያወርድ የአክስቴ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ፊቷም ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። እናቴ «ምን ይደረግ፣ ኔትወርኩ ነው» ትላለች። ኔትወርኩ አይደለም! ሳምንት ሙሉ የጠበቀችው ስልክ በጌም ምክንያት ሲበላሽ ዝም ማለት ትክክል አይመስለኝም።

አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ሲሰለቻቸው ራውተሩን ከሶኬት ይነቅሉታል። ይሄም መፍትሔ አይደለም። መምህራን ወርክሺት በቴሌግራም ይልካሉ። ሲነቀል ጌም የሚጫወተውም የቤት ሥራ የሚሠራውም እኩል ይቀጣል ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ቁጥጥር ያስፈልጋል፣ ግን በግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ ቤተሰቡ አብሮ ይይ። ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሥር የተለጠፈ ወረቀት ላይ እንደ 192.168.1.1 ያለ ቁጥር አለ። እሱን ብራውዘር ላይ ጽፎ በራውተሩ ፓስወርድ ሲገቡ የተገናኙት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ይመጣል። የማታውቁት ስልክ ካለ የዋይፋዩን ፓስወርድ መቀየር ነው። አንዳንድ ራውተር እያንዳንዱ ስልክ ስንት እንደተጠቀመም ያሳያል። ሁለተኛ፣ ገደቡ በሰዓት ይሁን። ጌምና ፊልም የሚወርደው ሁሉም ሲተኛ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ደግሞ ለቤት ሥራና ለስልክ ጥሪ ቅድሚያ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ሕጉ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ፓስወርዱንም ወላጅ ይወቀው። ፓስወርድ የያዘውም ሰው በሕጉ ይገዛ!

«እና ሰው የሚያየውን ሁሉ ልንሰልል ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ስንት እንደተጠቀመ መቁጠርና ምን እንዳየ መበርበር ይለያያል። ውሃ ቆጣሪም ስንት ሊትር እንደፈሰሰ እንጂ ምን እንደታጠበበት አይናገርም። ወላጅ ልጁ ስለሚያየው ነገር ካሳሰበው ቁጭ ብሎ ያናግረው፤ ታላቅ ወንድም ግን በድብቅ የእህቱን ስልክ መከታተል የለበትም።

«የሚከፍለው ይወስን» የምትሉም አላችሁ። እኔም እስማማለሁ። ግን ወላጅ በትክክል የሚወስነው ሲያውቅ ነው። እናቴ ጥፋቱ የኔትወርክ ከመሰላት በምን ላይ ትወስናለች?

ቤታችሁ ዋይፋይ የሌላችሁም ነገሩ አይመለከተንም እንዳትሉ። ከአንድ ስልክ ሆትስፖት ከፍታችሁ ስትጠቀሙም ያው ነው። እንዲያውም እዚያ ጥቅሉ ራሱ ያልቃል።

ስለዚህ የአይሲቲ መምህራችን አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደው የራውተር ገጽ እንዴት እንደሚከፈት ቢያሳዩን ጥሩ ነው እላለሁ። እኛ ደግሞ የተማርነውን ለእናትና ለአባታችን እናሳይ። የጋራ የሆነ ነገር የጋራ ሕግ ያስፈልገዋል።

የማትስማሙ ካላችሁ መልሳችሁን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ቸር ይግጠመን!